በዳኮታ የሸኘናቸው ልጆች

በአገራችን ሰው በሁለት ይከፈላል፤ አውሮፕላን የሚሳፈርና አውሮፕላን የሚያይ። በውይይት ክበብ ስለ መደብ ስንማር ይህን ክፍፍል ያነሣልን ካድሬ አልነበረም እንጂ፣ ቢነሣማ ከጭቁኖቹ ወገን መሆኔን እጄን አውጥቼ እመሰክር ነበር። ተሳፍሬ አላውቅም። መሰላሉን እንኳ ረግጬ አላውቅም። ሰው ግን የሚሳለመው የጎደለውን ነውና፣ ሌላው በየዓመቱ ገዳም ሲሳለም እኔ አውሮፕላን ያረፈበትን ሜዳ እየዞርኩ እሳለም ነበር። «እዚህ ቦታ ድሮ አውሮፕላን አርፋ ነበር» ከተባለ፣ ጭቃ ሳልል ፀሐይ ሳልል ሄጄ ባዶውን ሜዳ አይቼ እመለሳለሁ። ባዶ ሜዳ ለማየት መንገድ የሚመታ ሰው ጤነኛ አይደለም ካላችሁኝ አልከራከራችሁም።

የበሽታዬ ክፉ ጎን ግን መሄዱ አልነበረም፤ ማስረዳቱ ነበር። በየሰፈሩ አንድ አለላችሁ፤ ሐኪም ሳይሆን መድኃኒት የሚያዝ፣ ሳይጠየቅ ሕግ የሚተረጉም። የእኛ ሰፈር ሰው እኔ ነበርኩ። የሞተር ድምፅ ከሰማሁ ከቤት እወጣለሁ፣ ጣቴን ወደ ሰማይ እቀስራለሁ፣ ስሟን፣ የሞተሮቿን ብዛት፣ ስንት ሰው እንደምትጭን፣ ከየት ተነሥታ ወዴት እንደምትሄድ እዘረዝራለሁ። የምለው እውነት ይሁን አይሁን የሚያጣራ አልነበረም፤ አውሮፕላን ወርዳ አትመሰክር። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚባለው ለሌላ ሰው የተተረተ ይመስለኝ ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ የአዲስ አበባ ልጅ፣ በምደባ ባሕር ዳር አቅራቢያ ያለችው መራዊ የደረስኩ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። የምኖረው እትዬ ዘነቡ ግቢ ውስጥ፣ ከላሞቹ በረት ጎን ባለች አንዲት ክፍል ነበር። እትዬ ዘነቡ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ገበያ ጌሾ እየሸጡ አንድ ልጃቸውን የሚያሳድጉ፣ ንግግራቸው አጭር፣ ዐይናቸው ረጅም ሴት ነበሩ። ልጃቸው ይበልጣል ተማሪዬም ነበር። ቁመቱ ከክፍሉ ሁሉ የሚበልጥ፣ እንደ ስሙ ማለት ነው፣ የኋላ ወንበር ላይ እግሩን የሚያስገባበት አጥቶ ተጣጥፎ የሚቀመጥ ልጅ። አንድ ቀን ስለ አየር ግፊት ሳስተምር ወደ አውሮፕላን ገባሁ፤ መቼም መግቢያ አላጣም። ይበልጣል እጁን አወጣ።

«መምህር፣ እርስዎ ተሳፍረው ያውቃሉ?»

ለተማሪ የማይመለስ ጥያቄ ሲመጣ መምህር ሁሉ የሚመልሰውን መለስኩለት። «ተቀመጥ» አልኩት። ክፍሉ ሳቀ፤ እሱ ግን አልሳቀም፣ ከልቡ ነበር የጠየቀኝ።

ዐሥራ አንደኛ ክፍልን ሳይጨርስ ለብሔራዊ ውትድርና ተጠራ። «ተጠራ» የምለው ለአነጋገር ያህል ነው እንጂ ከገበያ ነው የያዙት፤ ለእናቱ ጌሾ ተሸክሞ እንደቆመ። ከሌሎቹ ጋር ባሕር ዳር ወሰዷቸው። በአውሮፕላን ማረፊያው ጥግ ድንኳን ተተክሎላቸው እዚያ መሆናቸው ተሰማ፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ነገ ይሄዳሉ የሚል ወሬ መጣ። የመራዊ እናቶች ዳቦ ቆሏቸውን በከረጢት ቋጥረው በሌሊት ተነሡ። እኔም አብሬ ሄድኩ። ይበልጣል ተማሪዬ ነውና ሄድኩ ብላችሁ ደስ ይለኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግማሽ ልቤ አውሮፕላኖቹን ለማየት ነበር።

እዚህ ላይ የዚያን አገር ሽኝት ለማታውቁ ልንገራችሁ። እኛ ከተሜዎቹ በር ላይ ተቃቅፈን «ደኅና ሁን» ብለን በሩን እንዘጋለን። በእነ እትዬ ዘነቡ ዘንድ ይህ ሽኝት ሳይሆን ስድብ ነው። መንገደኛው ከዐይን እስኪሰወር ይቆማል። ዛፍ ከጋረደው ዛፉን እስኪያልፍ፣ ቁልቁለት ከዋጠው ማዶ ዳገቱ ላይ እስኪወጣ ይጠበቃል። ከዚያ በፊት ዘወር ብሎ ጀርባ የሰጠ «ሂድ፣ አትመለስ» እንዳለ ይቆጠራል። እኔ ትምህርት ቤት ስሄድ እንኳ እትዬ ዘነቡ ጥጉን እስክዞር በር ላይ ቆመው ያዩኝ ነበር፤ መጀመሪያ ሰሞን ኪሴ የተቀደደ መስሎኝ እየዳሰስኩ እሄድ ነበር።

ያን ቀን እንግዲህ የሽቦ አጥሩን ይዘን ቆምን። አርባ የሚሆኑ እናቶች ከመሐላቸው እኔ። ድንኳኖቹ ወደ ጎን ራቅ ብለው ይታያሉ፤ ልጆቹን ግን ለይቶ ማየት አይቻልም፤ መጠጋትም ክልክል ነው። ከሜዳው ማዶ አንዲት ዳኮታ ቆማለች። ዳኮታ ሁለት ሞተር ያላት፣ ጅራቷ መሬት የሚነካ፣ አፍንጫዋ ሽቅብ የሚያይ አሮጌ አውሮፕላን ናት። ከእኔ በቀር ይህን የሚያውቅ በአካባቢው አልነበረም። እንዴት ዝም ልበል?

«በዚች ነው የሚሄዱት» አልኳቸው።

እናቶቹ ወደ እኔ ዞሩ። የማያውቁኝ ሁሉ «ምን አለ? ምን አለ?» እያሉ ተጠጉኝ። እትዬ ዘነቡ አንድ ጥያቄ ጠየቁ።

«ሁሉንም ትችላቸዋለች?»

ድንኳኖቹ ውስጥ ሁለት መቶ የሚሆን ልጅ አለ። ዳኮታ ሠላሳ ሰው ብትጭን ነው፤ ይህንንም እኔው ነኝ ስለፈልፍ የኖርኩት። ሒሳቡ አፍንጫዬ ሥር ነበር። «እየተመላለሰች ትወስዳቸዋለች» አልኩ።

«ታዲያ የኔ በስንተኛው ነው?»

«በመጀመሪያው። ረጃጅሞቹን ነው አስቀድመው የሚጭኑት።»

ይህን ከየት እንዳመጣሁት እስከ ዛሬ አላውቅም። እትዬ ዘነቡ ደስ እንዲላቸው ፈልጌ ይመስለኛል፤ ለመጠበቅ የሚያስፈራ ነገር ሲሆን አስቀድሞ ማለቁ ደግ ነው። ሞተሮቿ ተነሡ፤ ያን ድምፅ ስሰማ ደግሞ ሰውነቴ አይታዘዘኝም። መነጽሬን አስተካክዬ ጣቴን ቀሰርኩ። «አሁን ትንደረደራለች፣ አሁን ጅራቷ ይነሣል፣ ይኸው ለቀቀች» እያልኩ አርባውን እናት በጣቴ መራኋቸው። ዳኮታዋ ተነሣች፣ ወደ ሐይቁ ዞረች፣ ደመናው ላይ ነጥብ ሆነች፣ ጠፋች። እናቶቹ ነጥቧ ከጠፋችም በኋላ ቆሙ። ሥርዓቱ በሙሉ ተፈጸመ። እትዬ ዘነቡ በነጠላቸው ጫፍ ዐይናቸውን ጠረጉና «ሸኘሁት» አሉ። ሁለተኛውን ዙር ስንጠብቅ አንድ ዘበኛ መጥቶ «አልቀዋል፣ ወደየቤታችሁ» አለን። አልቀዋል ማለቱ ትንሽ ገረመኝ፤ ግን ወታደር ጥበቡ ብዙ ነው ብዬ ለዚያም ማብራሪያ ሰጠሁ።

በዓመቱ ውስጥ ሁለት ደብዳቤ ከሰሜን መጣ። እትዬ ዘነቡ ፊደል ስላልቆጠሩ አንባቢው እኔ ነኝ። የመጀመሪያው ደብዳቤ ከሰላምታው ቀጥሎ እንዲህ ይላል፦ «እናቴ፣ ስንሄድ አይቼሻለሁ። ነጠላሽን አውቄዋለሁ። አንቺ ግን አላየሽኝም።» እትዬ ዘነቡ ይህችን ዓረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ አስነበቡኝና «ከዚያ ላይ ሁኖ ሰው ይለያል?» አሉኝ። «እንዴታ፣ ከመስኮቱ ሁሉም ይታያል» አልኳቸው፤ በዚያ መስኮት አይቶ የማያውቀው ሰው። ከሁለተኛው ደብዳቤ በኋላ ዝም አለ። ዓመት አለፈ። ሌላ ዓመት ተጋመሰ። ስለ ጦርነቱ መጠየቅ የማይቻልበት ጊዜ ነበርና እትዬ ዘነቡ የሚጠይቁት ፖስታ ቤቱን ብቻ ነበር።

አንድ ሰሞን እኔ ባሕር ዳር ሄጄ የጥንት የአውሮፕላን ቦታዎችን ለማየት ስሰናዳ ደጃፌ ላይ መጥተው ቆሙ።

«እኔንም ውሰደኝ፣ መምህሬ።»

«የት?»

«የሸኘሁት ቦታ። እናቴ ወንድሜ በንግድ ሄዶ ሲዘገይባት የተለዩበት ድረስ ሄዳ ስሙን ጠራችው። ሰው የሚሰማው ከተለዩት ቦታ ሲጠሩት ነው ትል ነበር።»

«ተመለሱ?»

«ተመለሰ እንጂ። እግሩ አብጦ ተመለሰ።»

የሳይንስ ሰው ነኝ፤ ሳቄን ዋጥ አደረግኩ። ግን ወደዚህ ያደረሳቸውን ነገር አየሁት። ሐኪም የለ፣ ዳኛ የለ፣ ስለ ልጃቸው የሚጠይቁት አለቃ የለ፤ የቀራቸው ነገር ቢኖር ትክክለኛው ቦታ ላይ ቆሞ መጥራት ነበር። እሺ አልኳቸው።

በዚያ ዘመን ከቦታ ቦታ ለመሄድ ይለፍ ያስፈልጋል። ማመልከቻዬ ላይ በንጹሕ የእጅ ጽሕፈት «ታሪካዊ የአውሮፕላን ማረፊያዎችን ለመጎብኘት» ብዬ ጻፍኩ። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ሁለት ጊዜ አንብበው ወረቀቱን ገለበጡት፤ ጀርባው ላይ የተሸሸገ ነገር የሚፈልጉ ይመስላሉ።

«ጓድ መምህር፣ አውሮፕላን ማረፊያ የሚጎበኝ ሁለት ዓይነት ሰው ነው። አንደኛው ሰላይ ነው።»

«ሁለተኛውስ?»

«ሁለተኛውን እስካሁን አላየሁም።»

ክፉ ሰው አልነበሩም። ትንሽ አሰቡና አብረውኝ ወደ መጡት እትዬ ዘነቡ ዞሩ። «ጉልበትዎን ያምዎታል አይደል?» እትዬ ዘነቡ «ድሮም ያመኛል» አሉ። «ለሕክምና፣ ከአስታማሚ ጋር» ተብሎ ተጻፈልን፣ ማኅተም ተመታበት። ታሪክ ለማየት ይለፍ የለም፤ ለጉልበት ግን አለ። እንዲህ ሆኖ የአቪዬሽን ታሪክ ጉብኝቴን በአስታማሚነት ጀመርኩ።

ጠዋት ባሕር ዳር እንደደረስን መጀመሪያ ወደ ሐይቁ ዳር ወሰድኳቸው። ሽማግሌዎች በጣሊያን ጊዜ እግሯ ጀልባ የሆነ አውሮፕላን ጣና ላይ ታርፍ ነበር ብለውኝ ነበር፤ ነዳጇን በታንኳ እየቀዘፉ ያደርሱላት፣ ከድንጋይ ጋር በተተከለ የብረት ቀለበት ያስሯት ነበር አሉ። ሰማዩ ከብዷል፤ ውሃው ዐመድ መስሏል። ድንጋዩን አገኘሁት። ቀለበቱንም አገኘሁት። አንድ ዓሣ አጥማጅ የደንገል ታንኳውን አስሮበታል፤ በድንጋዩ ላይ አንዲት ሴት ያጠበችውን ብርድ ልብስ አስጥታለች። ይኸው ነው ታሪኩ። እኔ ግን አላፈርኩም፤ አውሮፕላን እንዴት ውሃ ላይ ሳትሰምጥ እንደምታርፍ ሩብ ሰዓት አስረዳሁ። እትዬ ዘነቡ በትዕግሥት ሰሙኝ። ስጨርስ ጠየቁኝ።

«ልጄን በውሃው አልወሰዱትም አይደል?»

«አልወሰዱትም።»

«እንግዲያስ እንሂድ።»

ጋሪ ተሳፍረን ከከተማው በስተምዕራብ ወዳለው ሜዳ ሄድን። ዋናው በር ላይ ያለው ወታደር የጉልበት ይለፋችንን አይቶ ሆስፒታሉ በሌላ አቅጣጫ መሆኑን በትሕትና ነገረን። ከአጥሩ ውጭ፣ መንገዱን ይዘን ትንሽ እንደሄድን ግን አንዲት ጎጆ አየሁ፤ ልቤ ዘለለ። ግማሽ ጣሪያዋ ከአሮጌ አውሮፕላን ክንፍ የተነቀለ ቆርቆሮ ነው፤ የብሎኑ ቀዳዳ በተርታ ይታያል። ደጃፏ ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ አያ ጓንጉል ይባላሉ። በጣሊያን ጊዜ፣ በወጣትነታቸው፣ የመጀመሪያውን ሜዳ ለማስተካከል ድንጋይ ተሸክመዋል። ከዚያም ዕድሜያቸውን ሙሉ ሥራቸው ጡሩምባ እየነፉ ከብት ከሜዳው ማባረር ነበር። አውሮፕላን ከመምጣቷ በፊት ላም አለመኖሩን የሚያረጋግጡ እሳቸው ናቸው። አሁን ጡረታ ወጥተው እንኳ የሞተር ድምፅ ሲሰሙ ይነሣሉ አሉኝ። ወንድሜን ያገኘሁ መሰለኝ።

«ስንት አውሮፕላን አሳርፌያለሁ መሰለህ» አሉ። «አብራሪው ይመሰገናል እንጂ ላሟን ማን አነሣት? እኔ።»

እትዬ ዘነቡ ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ አጥሩ ዞረው ቆመዋል፤ ቦታውን አውቀውታል። ሊጣሩ ነው። ከመጣራታቸው በፊት ግን፣ በሥርዓት ለማድረግ ይሆናል፣ ሽማግሌውን ጠየቁ።

«አያ፣ ከሁለት ዓመት በፊት ልጆቹ ከዚህ በተነሡ ቀን እዚህ ነበርህ?»

«ነበርሁ እንጂ። የድንኳኖቹ ልጆች?»

«አዎ። በአውሮፕላኗ የሄዱት።»

አያ ጓንጉል ከዘራቸውን መሬት ላይ አዞሩ። ደግ ሰው ናቸው፤ ደግ ሰው ደግሞ እውነት ሲናገር የሚጎዳ አይመስለውም።

«በአውሮፕላን እኮ አልሄዱም፣ እቴ። አውሮፕላኗ ለአንድ ሹም ነው የመጣችው፤ እሱንና ዕቃውን ይዛ ሄደች። ልጆቹ በጭነት መኪና ነው የሄዱት፣ ሸራ ለብሰው። መኪኖቹ በጎን በር ተደርድረው መኮንኑ ጨንቆት ነበር። እናቶቹ መንገዱ ዳር ናቸው፤ ካዩ መኪናው ፊት ይተኛሉ፤ ሌላ ቦታ እንዲህ ሁኖ ያውቃል። ኋላ እግዜር ሲረዳው ከእናቶቹ መሐል አንድ መነጽር ያደረገ ሰው ተነሣና ጣቱን ወደ ሰማይ ቀስሮ ማስረዳት ጀመረ። ሁሉም አንጋጠጡ። መኮንኑ "ይኸ ሰው ይባረክ፣ አሁን ንዱ" አለ። በሞተሯ ጩኸት መኪኖቹ ሳይሰሙ በኋላቸው አለፉ። እኛማ ሰውየው የመንግሥት ሰው መስሎን ነበር፤ ለዚሁ የተመደበ።»

መነጽሬን አወለቅኩ። ለምን እንዳወለቅኩት አትጠይቁኝ፤ የአያ ጓንጉል ዐይን ደክሞ ነበርና አላወቁኝም። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል ይባላል። ከእኔ ደጃፍ የተቆረጠው ሞፈር አልነበረም። ያን ቀን ከኋላችን መንገድ ላይ የሚንቀጠቀጥ ነገር በእግሬ ሥር ተሰምቶኝ እንደነበር አሁን ትዝ አለኝ፤ ዳኮታ እየተነሣች ወደ መኪና የሚዞር ሰው ግን እኔ አልነበርኩም።

እትዬ ዘነቡ ወደ እኔ ሳይዞሩ አያ ጓንጉልን ጠየቁ።

«በኋላችን ነው ያለፉት?»

«በኋላችሁ፣ በዚሁ መንገድ።»

«ልጆቹ ያዩን ነበር?»

«በሸራው ቀዳዳ፣ አዎ። አንዳንዱ ይጣራ ነበር፤ በዚያ ጩኸት ማን ይሰማል?»

«እንግዲያ ልጄ ጀርባዬን ነው ያየው» አሉ።

ነጠላውን ያወቀው ለዚያ ነው። ሦስት ጊዜ ያስነበቡኝን ዓረፍተ ነገር፣ እኔ በአውሮፕላን መስኮት የተረጎምኩትን፣ አሁን ራሳቸው አነበቡት። «ይቅርታ ያድርጉልኝ» ማለት እንኳ የምጀምረው አዲስ ማብራሪያ መስሎ ተሰማኝና ዋጥኩት። እትዬ ዘነቡ ግን አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ምን ነበረበት።

«ከዚህ በየት ወጡ?» ብለው ጠየቁ።

«በከተማው አቋርጠው፣ በአባይ ድልድይ፣ በሐሙሲት በኩል ወደ ላይ።»

ያው ጋሪ ወደ ከተማው መለሰን፤ ዘንባባዎቹን አልፈን፣ ገበያውን አልፈን ድልድዩ ዘንድ ወረድን። ድልድዩን የሚጠብቅ ጢሙ የሸበተ ሚሊሻ ነበር። እትዬ ዘነቡ መንገዱ ዳር፣ ወደ ሐሙሲት አቅጣጫ ፊታቸውን ሰጥተው ቆሙ።

«እናቴ፣ እዚህ ቁሞ ማየት ክልክል ነው» አለ ሚሊሻው።

«ተቀምጦስ?»

ሰውየው ስለ መቀመጥ የተሰጠው ትእዛዝ አልነበረም። ፊታቸውን አየ፣ እኔን አየ፣ ወደ ድልድዩ ማዶ ጫፍ ዞሮ ሄደ። እትዬ ዘነቡ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። መንገዱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ከዚያ ዛፍ ይጋርደዋል። መኪና የለ፤ ሁለት አህያ ሣር ጭነው ይመጣሉ። «ይበልጣል» አሉ። አልጮኹም፤ ከጓዳ ሁነው በረት ያለውን ልጅ ለምሳ የሚጠሩበት ድምፅ ነበር። ትንሽ ቆይተው ደገሙት። ሦስተኛውን ሲጠሩ ድምፃቸው ከታች አባይ እያወረደው ካለው የውሃ ድምፅ ጋር ተቀላቀለ። ከዚያ በኋላ አልተጣሩም፤ መንገዱን ብቻ ማየት ያዙ።

እኔ ከኋላቸው ቆሜ ስለ ሽኝት አስብ ነበር። መንገደኛ ከዐይን እስኪጠፋ ይሸኛል፤ እሺ። ከጠፋ ሁለት ዓመት ያለፈውን ሰው እስከ መቼ ነው የሚያዩት? ይህን የሚወስን ሥርዓት አልሰማሁም። የመራዊ አውቶቡስ የሚወጣበት ሰዓት እየደረሰ ነበር፤ ግን በዚያ ሰዓት ስለ አውቶቡስ አፌን የምከፍት ሰው መሆን አልፈለግኩም።

በዚህ መሐል ከሐይቁ በኩል የሞተር ድምፅ መጣ። ሁለት ሞተር። አንገቴን ይዤ ለማቆየት ሞከርኩ፤ በእውነት ሞከርኩ። እትዬ ዘነቡ ዐይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ እንዲህ አሉኝ።

«መምህሬ፣ አውሮፕላንህ መጣች። እያት፣ ምን ቸገረህ።»

በድምፃቸው ውስጥ ምፀት ፈለግኩ፤ አልነበረም። እንግዳን ቁርስ ብላ እንደማለት ነበር ያሉኝ። አመል ያወጣል ከመሐል፤ ቀና አልኩ። ዳኮታዋ በላያችን አልፋ ሄደች፤ እኔም እስክትጠፋ አየኋት፤ እየተናቅኩም ቢሆን አየኋት። የናቀኝ ግን እኔው ነበርኩ።

የመጨረሻውን አውቶቡስ ሮጠን ደረስንበት። መራዊ ልንደርስ ስንል «አንተ ያየኸውን ነው ያሳየኸን» አሉኝ። ሊያጽናኑኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ብዙ ነገር ብሎኛል፤ የዚያችን ያህል የከበደኝ የለም። እናንተም ሰው ሊያጽናናችሁ ሲል የሰበራችሁ እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

ይበልጣል ተመለሰ ወይ ትሉኛላችሁ። አላውቅም። እስክለቅ ድረስ አልተመለሰም፤ ደብዳቤም አልመጣም። እትዬ ዘነቡ ገበያ በሌለበት ቀን አልፎ አልፎ ባሕር ዳር እየሄዱ፣ «ለጉልበቴ» እያሉ ይለፍ እየወሰዱ፣ ድልድዩ ዘንድ ይቀመጡ እንደነበር ሰምቻለሁ። ሊቀ መንበሩም ጉልበቱ አልሻል ማለቱን አንድም ቀን አላነሡባቸውም። እኔ ደግሞ የሞተር ድምፅ ስሰማ ዝም ማለት ተለማመድኩ። ሰፈሩ የታመምኩ መስሎት ነበር።

በክረምቱ መግቢያ የአዲስ አበባ ዝውውሬ ደረሰ። እትዬ ዘነቡ ሊሸኙኝ አውቶቡስ መቆሚያው ድረስ መጡ፤ የሻንጣዬን አንዱን ጆሮ ይዘው። መቆሚያው ላይ ሁለት አውቶቡስ ነበር። የትኛው መሆኑን እኔን አልጠየቁኝም። ረዳቱን ጠየቁት፣ እንደገና ሾፌሩን ጠየቁት፣ ከዚያ መጥተው በመዳፋቸው የመኪናውን ጎን መታ መታ አደረጉ። ገብቼ እስክቀመጥ ጠበቁና መስኮቴ ሥር መጥተው ቀና አሉ።

«እጅህን አውጣ። እስክትጠፋኝ አታስገባው።»

አወጣሁት። አውቶቡሱ ተነሣ። እጃቸውን አላወዛወዙም፤ መዳፋቸውን ከፍተው ቆሙ፤ ትንሽ ሆኑ፣ ነጠላ ብቻ ሆኑ፣ ከዚያ ኩርባው ጋረደኝ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ቸገረኝ። እኔ እሳቸውን ማየት ካቆምኩ ቆይቷል፤ እሳቸው ግን ረጅም ዐይን ነው ያላቸው፤ ከዛፉ ማዶ፣ ከዳገቱ ላይ፣ አንዲት እጅ ከመስኮት ወጥታ ትታያቸው እንደሆነ ከመኪና ውስጥ ሁኖ ማወቅ አይቻልም። መንገደኛ የጠፋበትን ቦታ የሚያውቀው ሸኚው ብቻ ነው። የወተት አባይን ከተማ አለፍን። ዝናቡ ጀመረ። እጄ ደነዘዘ፤ ከጎኔ ያሉት ተሳፋሪዎች ብርዱ ገባን ብለው ማጉረምረም ያዙ። ረዳቱ መጥቶ ትከሻዬን ነካ አደረገና መስኮቱን እንድዘጋ ነገረኝ።

«ትንሽ ይቆይ» አልኩት።